ምቱን ግራ እጅ ይያዘው

የሙዚቃ ዓምድ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች በሙሉ ከደሴና ከኮምቦልቻ አንባቢዎቻችን የደረሱን ናቸው። አራቱም የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሮማንቲክ ዘመን የፒያኖ ሙዚቃ ውስጥ ምቱ የት እንዳለ፣ ተጫዋቹም ከዚያ ምት ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል። ደብዳቤዎቹን ቦታ ስላጠበበን አሳጥረናቸዋል፤ የተጠቀሱት ዓመታትም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ነዋሪነቴ ደሴ መናፈሻ አካባቢ ሲሆን፣ ፒያኖ የተማርኩት በራሴ ጥረት በኪቦርድ ነው። የፖላንዳዊውን ደራሲ የሾፓንን ኖክተርን (ዝግ ያለ የፒያኖ ሥራ)፣ ኦፐስ (የሥራ ቁጥር) 9 ቁጥር 2፣ አጥንቼ ለአንድ ሙዚቀኛ ወዳጄ ባሰማው «ምት የለህም» አለኝ። እኔ ግን ሩባቶ (በምት ላይ የሚወሰድ ነጻነት) ይኸው ነው ብዬ፣ ደስ ባለኝ ቦታ ሁለቱንም እጆቼን አዘግይቼ፣ ሌላ ቦታ ደግሞ አፍጥኜ ነበር የተጫወትኩት። በሜትሮኖም (ምቱን እኩል እየመታ በሚቆጥር መሣሪያ) ስሞክረው ነፍስ የሌለው ይሆንብኛል። ሩባቶ ምትን መተው ካልሆነ ታዲያ ምንድን ነው?

መልስ፦ ወዳጅዎ የተናገረው ቃል ቢከብድም መነሻ አለው። ዜማው በዘገየ ቁጥር ግራ እጅዎም አብሮ ከዘገየ፣ ዜማው ሲጣደፍም ግራ እጅዎ ተከትሎ ከሮጠ፣ አድማጭ ነጻነቱን የሚለካበት ቋሚ ነገር ያጣል። አንድ ድምፅ ዘገየ የሚባለው በቦታው ካለ ምት አንጻር ሲሰማ ነው፤ ምቱ ራሱ አብሮ ከተንሸራተተ ግን ጆሮ የሚሰማው የተጫዋቹን ስሜት ሳይሆን መዝረክረክን ነው።

ሾፓን (1810–1849) በዚህ ጉዳይ ምን ያስተምር እንደነበር ከተማሪዎቹ ምስክርነት እናውቃለን። ከእርሱ ዘንድ የተማረውና ኋላም ሥራዎቹን አርሞ ያሳተመው ካሮል ሚኩሊ፣ መምህሩ በምት ጉዳይ ፈጽሞ የማይበገር እንደነበረና ሜትሮኖም ከፒያኖው እንደማይለይ ጽፏል። እንደ እርሱ አገላለጽ አጃቢው እጅ ምቱን አጥብቆ ይዞ ይጓዛል፤ የሚዘምረው እጅ ግን አንዱን ድምፅ ያቆየዋል፣ ሌላውን ከሰዓቱ ያስቀድመዋል። አሠራሩ በሾፓን የተጀመረም አይደለም። ሞዛርት በ1777 ለአባቱ በላከው ደብዳቤ፣ በአዳጆ (በዝግታ በሚሄድ ክፍል) ውስጥ ሩባቶ ሲጫወት ግራ እጁ ስለ ነገሩ ምንም እንደማያውቅ፣ ሰዎችም ይህን ሊረዱት እንዳልቻሉ አውስቷል። ፒያኒስቱና ደራሲው ፍራንዝ ሊስት ደግሞ ለአንድ ተማሪው ዛፍ አሳይቶ፣ ነፋሱ በቅጠሎቹ መካከል ሲጫወት ግንዱ ግን ባለበት እንደሚቆም በማመልከት የሾፓን ሩባቶ ይህ ነው ብሎታል ይባላል። እኔ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

እርግጥ ነው፣ ተቃራኒ ምስክርም አለ። ኤክቶር ቤርሊዮዝ በትዝታ መጽሐፉ ውስጥ ሾፓን ምትን ጠብቆ መጫወት አይችልም እስከ ማለት ደርሷል። ቤርሊዮዝ ብዙ ሙዚቀኞችን በአንድ ምት የሚመራ የኦርኬስትራ ሰው ነበርና የቀኝ እጁ ነጻነት ከልክ ያለፈ ቢመስለው አይደንቅም። እኔ ግን የሚኩሊን ቃል አስቀድማለሁ፤ እርሱ የተናገረው ከአዳራሽ አድማጭ ወንበር ሳይሆን በትምህርት ሰዓት ከፒያኖው አጠገብ ሆኖ ያየውን ነውና።

ይህን የሚያጠናክር ማስረጃ እርስዎ በሚያጠኑት ኖክተርን ውስጥም አለ። ሥራው ወደ ፍጻሜው ሲቃረብ ቀኝ እጅ አራት ድምፆች ያሉትን አጭር ሐረግ ደጋግሞ የሚያሽከረክርበት ቦታ ላይ፣ ሾፓን «ሴንዛ ቴምፖ»፣ ማለትም ያለ ምት፣ የሚል ትእዛዝ ጽፏል። በዚያ ቦታ ግራ እጅ የሚቆጥረው ነገር ስለሌለው ቀኝ እጅ እንደ ልቡ ይሆናል። ደራሲው ምቱ የሚቆምበትን ቦታ እንዲህ ለይቶ ማመልከት ካስፈለገው፣ በተቀረው ቦታ ሁሉ ምቱ እንዳለ መቀጠሉን ታሳቢ አድርጓል ማለት ነው።

አሁን ወደ ልምምዱ እንግባ። ሙዚቃው በ12/8 የተጻፈ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ባር (በኖታው ላይ በሁለት ቋሚ መስመሮች መካከል ባለው የምት ክፍል) ውስጥ ያሉት 12 ስምንተኛ ኖታዎች በሦስት በሦስት ተቧድነው አራት ትልልቅ ምቶችን ይሠራሉ፤ የግራ እጁ አካሄድም ባስ (ዝቅተኛው ድምፅ)፣ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች)፣ ኮርድ ነው። ሾፓን የሰጠው የሜትሮኖም ቁጥር ለስምንተኛ ኖታ በደቂቃ 132 ነው። እርስዎ ግን በዝግታ ጀምረው፣ ቀኝ እጅዎን ጭንዎ ላይ አሳርፈው፣ ግራውን ብቻ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይጫወቱ። በዚህ ደረጃ ሜትሮኖም ነፍስ አይገድልም፤ ግራ እጅ ገና ዜማ አልያዘምና። ኮርዶቹ ከባሱ እኩል ጮክ እንዳይሉ፣ ሁለተኛው ኮርድም ከመጀመሪያው እንዲለዝብ ይጠንቀቁ፤ የሦስቱ ክብደት በዚህ መንገድ ከተለየ ሜትሮኖሙ ከጠፋ በኋላም ምቱ በጆሮዎ ውስጥ ይቀራል።

ቀጥሎ የኪቦርድዎን መቅጃ ይጠቀሙ። በዋጋቸው መካከለኛ በሆኑ ኪቦርዶች ላይ እንኳ «ሪኮርድ» የሚል ቁልፍ አለና፣ ያለ ሜትሮኖም የተጫወቱትን ግራ እጅ ቀድተው እያጫወቱ ዜማውን በቀኝ እጅ ብቻ ይዘምሩበት። የቀዱት እጅ አይጠብቅዎትም፣ አይከተልዎትምም። አንድን ከፍ ያለ ድምፅ ወደውት ካቆዩት፣ የሚቀጥሉትን ትንንሽ ድምፆች ሰብሰብ አድርገው ባሱን በሰዓቱ መድረስ ይኖርብዎታል፤ ጥቂት አልፈውት ቢደርሱም ችግር የለውም፣ ሙሉ ምት ዘግይተው ከደረሱ ግን ከልክ አልፏል። ይህን ሲለማመዱ ሩባቶ በትርጓሜ ከሚረዱት ይልቅ በጣትዎ ይገባዎታል። በዚህ አጋጣሚ የኪቦርዱን ዝግጁ ሪትም፣ በተለይ የቫልስ (የባለሦስት ምት ዳንስ) አጃቢውን፣ ከፍተው እንዳይለማመዱ አደራ እላለሁ። የሥራውን አራት ትልልቅ ምቶች ቆራርጦ በየሦስቱ ኖታ ላይ አዲስ ባር የተጀመረ ያስመስለዋል።

ብዙ ጊዜ የማይታሰብ ሌላ ምክንያትም ልጨምር። ኪቦርድዎ ፔዳል (ድምፁን የሚያቆይ የእግር መርገጫ) ከሌለው ግራ እጅዎ ባሱን ለቅቆ ወደ ኮርዱ ሲዘል ባሱ ይቋረጣል፤ ጆሮዎ ይህን ስለማይወድ ጣትዎ ባሱ ላይ ይዘገያል፣ ኮርዱም ዘግይቶ ይደርሳል። ምት ማጣት መስሎ የሚሰማው ነገር የፔዳል እጦት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በኋላ በኩል የሚሰካውን ፔዳል ገዝቶ ባሱ በተመታ ቁጥር መቀየር መሣሪያውን ከመቀየር በፊት የሚመጣ መፍትሔ ነው።

በደብዳቤዎ መጨረሻ ያነሡት ሐሳብ፣ በወሎ ዜማ ጆሮው የተቃኘ ሰው ሩባቶን በቀላሉ ይረዳል የሚለው፣ ግማሹ እውነት ይመስለኛል። አምባሰልን ወይም ትዝታን በመሰንቆ የሚያንጎራጉር ሰው፣ ምት ከመያዙ በፊት ባለው መግቢያ ላይ ድምፁን እንደ ስሜቱ ያስረዝማል፣ ያሳጥራል፤ እዚያ ግን ከበስተኋላው የሚቆጠር ምት የለም። የኖክተርኑ ነጻነት የሚመሳሰለው ከመግቢያው ጋር ሳይሆን ከዚያ ቀጥሎ ካለው ክፍል ጋር ነው፤ ጭብጨባው ተጀምሮ ሳይዛነፍ እየሄደ፣ ድምፃዊው ግጥሙን ከጭብጨባው ጥቂት ቀደም ወይም ዘግየት አድርጎ ከሚያሳርፍበት። ያንን ለይቶ የሰማ ጆሮ ለሾፓን ዝግጁ ነው።

ከጊዜ በኋላ በሌሎች ደራሲዎች፣ በተለይ በሊስት ሥራዎች፣ ሁለቱም እጆች አብረው የሚፈጥኑበትና አብረው የሚዘገዩበት ሌላ ዓይነት ነጻነት እየተለመደ መጥቷል፤ እርስዎም ሲያደርጉት የቆዩት ይህንኑ ነው። ስሕተት አይደለም፣ ነገር ግን የመጀመሪያውን ያልተማረ እጅ ሁለተኛውን ሲሞክር መጠን ያጣል። በልጅነቱ ከሚኩሊ የተማረው ራውል ኮቻልስኪ ይህን ኖክተርን ቀድቶታልና በኢንተርኔት ፈልገው ያድምጡት። ግራና ቀኝ እጆቹ በአንድ ጊዜ የማያርፉባቸውን ቦታዎች ልብ ብለው ይስሙ፤ ዛሬ ብዙ መምህራን ይህን እንደ ጉድለት ያርሙታል፣ ለዚያ ትውልድ ግን የዜማ አነጋገር ነበር።

ጥያቄ፦ ደሴ ፒያሳ ነው የምኖረው። የሾፓንን ማዙርካዎች (በፖላንድ ዳንስ ላይ የተመሠረቱ ሥራዎች) በስልኬ ሳዳምጥ አንዳንዶቹን አራት አድርጌ እቆጥራቸዋለሁ፤ ኖታው ግን 3/4 ይላል። ጆሮዬ ነው የተሳሳተው?

መልስ፦ አይደለም። በዚህ ጉዳይ ከእርስዎ በፊት ታላላቅ ሙዚቀኞች ተከራክረዋል። ቪልሄልም ፎን ሌንዝ የተባለው የሾፓን ተማሪ እንደጻፈው፣ ከኦፐስ 33 በሲ ሜጀር የተጻፈውን ማዙርካ እየተማረ ሳለ የኦፔራ ደራሲው ማየርቤር ገብቶ ይህ 2/4 ነው አለ። ሾፓን ተቆጥቶ፣ ራሱ ተቀምጦ እየተጫወተ፣ ምቱን በእግሩ እየመታ ሦስት መሆኑን ሊያሳየው ሞከረ፤ ማየርቤር ግን አልተረታም። ፒያኒስቱ ቻርልስ ሃሌም እንዲሁ የሾፓንን ማዙርካ ጮክ ብሎ እስከ አራት እየቆጠረ አጅቦታል፤ ሾፓን መጀመሪያ ካደ፣ በኋላ ግን ስቆ ይህ የአገሩ ዳንስ ጠባይ መሆኑን ነገረው።

ሃሌ ምክንያቱንም ጽፏል፤ ሾፓን በባሩ የመጀመሪያ ድምፅ ላይ አብዝቶ ይቆይ ነበር። አንደኛው ምት ወደ ሁለት ምት ርዝመት ሲጠጋ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሲጨመሩበት አራት ይሰማል። በዚህ ላይ ማዙርካ ከፖላንድ የማዞቪያ አካባቢ የመጣ ዳንስ ስለሆነ ጉልበቱ የሚያርፈው በአንደኛው ሳይሆን ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ምት ላይ ነው። እንግዲህ በቁጥር ሦስት የሆኑት ምቶች በርዝመትም በክብደትም እኩል አይደሉም። ፒያኒስቱ ኢግናዝ ፍሪድማን በ1920ዎቹ መጨረሻ የቀዳቸው ማዙርካዎች ይህን በግልጽ ያሳያሉ። እርስዎም መጫወት ካሰቡ፣ አስቀድመው ሦስቱን እኩል አድርገው ጉልበቱን ወደ ሁለተኛው ወይም ወደ ሦስተኛው ያዛውሩ፤ ርዝመቱ ከጉልበቱ ተከትሎ ይመጣል፣ ለክቶ የሚደርስበት ግን የለም።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ ሙዚቃ የማስተምር መምህርት ነኝ። ያለን ኪቦርድ አንድ ብቻ ሲሆን ተማሪዎቹ ብዙ ናቸው። በአንድ እጅ ሦስት፣ በሌላው ሁለት ሲመጣባቸው ሁሉም ይደናገራሉ። በሒሳብ ባስረዳቸውም በእጃቸው አልመጣም። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ለዚህ ትምህርት ኪቦርድ አያስፈልግዎትም፤ እጅና ጠረጴዛ ይበቃል። ተማሪዎችዎ በየሰርጉ የሚሰሙትን ችክችካ ያስቡ። በውስጡ ስድስት አጫጭር ምቶች አሉ፤ አጨብጫቢው ሁለት ጊዜ ሲያጨበጭብ በእያንዳንዱ ጭብጨባ ሦስት አጫጭር ምቶች ያልፋሉ። እነዚሁኑ ስድስት ምቶች ሁለት ሁለት አድርጎ ሦስት ጊዜ ማጨብጨብም ይቻላል። ክፍሉን ለሁለት ይክፈሉት፤ ሁሉም ከአንድ እስከ ስድስት ያለ ማቋረጥ እየቆጠሩ አንደኛው ወገን በአንድና በአራት፣ ሌላው ወገን በአንድ፣ በሦስትና በአምስት ላይ ያጨብጭብ። ጥቂት ቆይተው ወገኖቹን ያለዋውጧቸው፤ ከዚያ እያንዳንዱ ተማሪ ሁለቱንም ድርሻ በሁለቱ እጆቹ ጠረጴዛ ላይ ይምታ። ቅደም ተከተሉ አብረው፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ ይሆናል። ቆጠራው በቃል እየተባለ እጅ ከተከተለው፣ ሒሳቡን ያልተረዳ ልጅ እንኳ በአንድ ክፍለ ጊዜ ይዞት ይወጣል።

አራት በሦስት ላይ ሲሆን ቆጠራው እስከ 12 ይደርሳል፤ ባለአራቱ እጅ በ1፣ በ4፣ በ7 እና በ10፣ ባለሦስቱ ደግሞ በ1፣ በ5 እና በ9 ላይ ይመታል። የሾፓን ፋንታዚ ኢምፕሮምቱ (ከሞተ በኋላ በ1855 የታተመው) መሠረቱ ይህ ነው። ነገር ግን በሥራው ፍጥነት እስከ 12 የሚቆጥር ማንም ስለሌለ፣ ቆጠራው ቅርጹን ለጆሮ ካስተማረ በኋላ መጣል አለበት። ከዚያ በኋላ ተማሪው ሊጠብቀው የሚገባው ሁለቱ እጆች የሚገናኙበትን የመጀመሪያ ድምፅ ብቻ ነው፤ በመካከል ያለውን እያንዳንዱ እጅ የራሱን እኩልነት ጠብቆ ይጓዘው። የሾፓን ኖክተርን ኦፐስ 9 ቁጥር 1 ላይማ ገና በመጀመሪያው ገጽ ቀኝ እጅ 22 ድምፆችን በግራ እጅ 12 ላይ ይዘምራል። ይህን በሒሳብ ለማካፈል የሚሞክር ተማሪ ካለዎት እባክዎ ያስቁሙት። ግራው እኩል ይሂድ፣ ቀኙ ሰው በአንድ ትንፋሽ እንደሚዘፍነው ይፍሰስ።

ለልምምድ የሚሆን ሥራ ከፈለጉ ሾፓን በ1839 የጻፋቸው ሦስቱ አዳዲስ ኤቱዶች (የልምምድ ሥራዎች) አሉ፤ በኤፍ ማይነር ያለው ሦስትን በአራት ላይ፣ በኤ ፍላት ሜጀር ያለው ሦስትን በሁለት ላይ የሚያለማምዱ ናቸው። ደራሲው ብራምስም በ1893 ባሳተማቸው 51 የፒያኖ ልምምዶች ውስጥ ለዚህ ጉዳይ ሰፊ ቦታ ሰጥቷል፤ እኔ ግን ለጀማሪ ቀድሜ አልሰጣቸውም፣ ለእጅ ይከብዳሉና።

ከሁሉ አስቀድሜ እንዲያሰሟቸው የምመርጠው የጀርመናዊውን ደራሲ የሹማንን «ዴስ አብንትስ» («በምሽት») ነው፤ ኦፐስ 12 በተባለው የ1837 ስብስብ ውስጥ የመጀመሪያው። የምት ምልክቱ 2/8 ነው፤ ባሩ ስድስት አጫጭር ድምፆችን ሦስት ሦስት አድርጎ ለሁለት ይከፍላል። ዜማው ግን በየሁለቱ ድምፅ ላይ ስለሚያርፍ በአንድ ባር ውስጥ ሦስት ጊዜ ይሰማል። ኖታውን ያላየ አድማጭ ሦስት ብሎ ይቆጥራል። ታዲያ ሹማን ለምን 3/8 አልጻፈውም? እንደ እኔ እምነት፣ ተጫዋቹ በልቡ ሁለት እየቆጠረ በጣቱ ሦስት ሲዘምር የሚፈጠረው መወዛወዝ ነው የሙዚቃው ሕይወት፤ በ3/8 ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ተጫዋቹ በየባሩ መጀመሪያ ላይ ይደላደልና ያ ይጠፋ ነበር። ተማሪዎችዎ በጭብጨባ የተማሩትን እዚህ ሲሰሙት ሦስት በሁለት ላይ እንቆቅልሽ ሳይሆን ሁለት ድምፆች የሚነጋገሩበት መንገድ መሆኑ ይገባቸዋል። ሲያጫውቷቸውም ግማሾቹ ሁለቱን፣ ግማሾቹ ሦስቱን በዝግታ እንዲያጨበጭቡ ያድርጉ።

ሹማን በዚህ ዓይነቱ ነገር የተካነ ነበር። «ካርናቫል» በተባለው የፒያኖ ሥራው መደምደሚያ ላይ ማርሽ ብሎ የሰየመውን ክፍል በ3/4 ጽፎታል፤ በሁለት እግር የሚሄድ ሰልፈኛ ሊራመድበት የማይችል ማርሽ ነው። በፒያኖ ኮንቸርቶው (ለፒያኖና ለኦርኬስትራ በጻፈው ሥራ) የመጨረሻ ክፍል ደግሞ ሁለት የ3/4 ባሮችን አንድ ላይ አድርጎ እንደ አንድ ሰፊ ባለሦስት ምት ባር ያሰማል። ከፍ ያሉ ተማሪዎች ሲኖሩዎት ይህን ያቅርቡላቸው።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ የመዝሙር ቡድን ኪቦርዲስት ነኝ። የሹማንን «ትሮይመራይ» ከኢንተርኔት ባገኘሁት ኖታ እያጠናሁ ነው። ኖታው ላይ ለሩብ ኖታ 100 ይላል፤ የሰማኋቸው ቅጂዎች ሁሉ ግን ከዚያ እጅግ የዘገዩ ናቸው። የትኛውን ልከተል?

መልስ፦ ያገኙት ቁጥር የሹማን ነው። ሥራው በ1838 ከተጻፉት «የልጅነት ትዕይንቶች» አንዱ ሲሆን፣ 100 የሚለው ቁጥር ብዙዎችን ስላስደነገጠ የሹማን ሜትሮኖም ተበላሽቶ ነበር የሚል ወሬ እስከ መነሣት ደርሷል። ባለቤቱ ክላራ ሹማን እርሱ ካረፈ በኋላ ባዘጋጀችው እትም ቁጥሩን ዝቅ አድርጋዋለች፤ ይሁንና እርሷ ያስቀመጠችው እንኳ ዛሬ ከምንሰማቸው ከብዙዎቹ ቅጂዎች ይፈጥናል። የክላራ ተማሪ የነበረችው ፋኒ ዴቪስ ይህን ስብስብ በ1929 ቀድታዋለችና ስለ ፍጥነቱ ከእርሷ መስማት ይጠቅማል።

በእኔ አስተያየት 100ን እንደ ሕግ ባይቀበሉትም እንደ ማስጠንቀቂያ ይቀበሉት። ዜማው በአንድ ረጅም ድምፅ ላይ ያርፍና፣ ከሥሩ ያለው ኮርድ በሁለተኛው ምት ላይ ዘግየት ብሎ ይገባል፤ ከዚያ ዜማው ወደ ላይ ይወጣል። ፍጥነቱ ከልክ በላይ ሲወርድ ረጅሙ ድምፅ ኮርዱ ሳይደርስ ይደክማል፣ አድማጩም ሁለቱ የአንድ ሐረግ አካል መሆናቸውን አይሰማም። በፒያኖ ላይ የተመታ ድምፅ ወዲያው መድከም ይጀምራልና ምን ያህል መዘግየት እንደሚቻል የሚወስነው ራሱ መሣሪያው ነው። የመዝሙር ኪቦርዲስቶች እንደሚያዘወትሩት ፒያኖውን ከስትሪንግስ (ከክር መሣሪያዎች ድምፅ) ጋር ደርበው የሚለማመዱ ከሆነ ግን ድምፁ ስለማይደክም ይህ ልኬት ይጠፋብዎታል፤ የፈለጉትን ያህል ቢዘገዩ ምንም የሚነግርዎ ነገር የለም። ስለዚህ ስትሪንግሱን አጥፍተው የፒያኖውን ድምፅ ብቻ ያስቀሩ፣ ከ100 ጀምረው ጥቂት ጥቂት እያዘገዩ ይሞክሩት፣ ረጅሙ ድምፅ ኮርዱን በሕይወት ሳለ የሚቀበልበት ፍጥነት ላይ ሲደርሱ እዚያ ይቁሙ።